64ቱ ደረጃዎች

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ከግቢው እስከ በራችን 64 ደረጃ አለ። ይህን ያወቅሁት እኔ ቆጥሬ አይደለም፤ የልጅ ልጄ በወጣን በገባን ቁጥር ጮክ ብሎ ስለሚቆጥረው ነው። ጠዋት ኬጂ የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ከሰዓት የምመልሰውም እኔው። እናትና አባቱ ሥራ ይውላሉ። እኔ ደግሞ 34 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥብኝ ሥራ የለኝም።

ባለፈው ዓመት መስከረም፣ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ይህ ሥራዬ ተቋረጠ። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ከገበያ ስመለስ «ወራጅ አለ» ብዬ ከታክሲ ስወርድ ቀኝ እግሬ ውሃ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ረዳቱ «ቀስ፣ ማዘር» እስኪለኝ እግሬ ወደ ውስጥ ተጠምዝዞ በውጭ ጠርዙ ላይ ቆሜበታለሁ። «ቀጭ» የሚል ነገር ሰማሁ። ቲማቲሙ አስፋልት ላይ ተበተነ፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ሙቅ ውሃ በጨው አለች፣ አንዷ ለጋ ቅቤ፣ አንዷ በረዶ። ሁሉም የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፦ ወለምታ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ወጌሻ ይየው። ወጌሻው ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔም በሙያው እምነት ነበረኝ፤ ልጆች ሳለን የወንድሜን የወለቀ ትከሻ የመለሱለት ወጌሻ ነበሩና። ቅቤ ቀብተው እብጠቱን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ አሹኝ። «አይዞሽ ልጄ፤ ደሙ ካልተበተነ ይረጋል» ይሉኛል። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። በማግሥቱ እብጠቱ እስከ ጣቶቼ ወርዶ እግሬ ቀይ ሥር መሰለ።

በሦስተኛው ቀን ኤክስሬይ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መብራቱ አንስቶ አየና «አልተሰበረም፤ ጅማት ነው። እረፍት ያድርጉ» አለኝ። ባንዴጅና የሕመም ማስታገሻ ይዤ ወጣሁ። እረፍቱ ለስንት ቀን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ «ጥያቄ የለም?» ስል ኖሬ ራሴ ሳልጠይቅ መውጣቴ ዛሬም ይገርመኛል።

እረፍት ማለት በእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ምግብ አልጋ ላይ ይመጣል፤ የእጅ ውሃ ይመጣል፤ ቡና ተፈልቶ እዚያው ይቀርባል። ልጄ ከሥራ ስትገባ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ተነሥተሽ ነበር እንዴ?» ነው። ከመጸዳጃ ቤት ስመለስ ካገኘችኝ ትቆጣለች። እንዲህ ሆኜ 7 ሳምንት ተኛሁ። ሕመሙ ለቀቀኝ፤ እብጠቱም ከሞላ ጎደል ጎደለ። ልነሣ ስል ግን እግሬ የኔ አልሆነም። ጠዋት የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ስራመድ ቁርጭምጭሚቴ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ነበር። ቤት ውስጥ ጥቂት ከተንቀሳቀስኩ በኋላ ይላላል፤ ተቀምጬ ዜና አይቼ ስነሣ ተመልሶ ይደርቃል። ረከቦት አጠገብ በርጩማ ላይ ስቀመጥ ቀኝ እግሬን እንደ ጋሪ እጀታ ወደ ፊት ዘርግቼ ነበር።

ደረጃው ከሁሉም ባሰ። የሚገርመው መውጣቱ አይደለም፤ መውረዱ ነው። ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ወደ ጎን ዞሬ፣ ሁለቱንም እግሬን አንዷ ደረጃ ላይ እያሳረፍኩ እወርድ ነበር። ያኔ የልጅ ልጄ 5 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ከታች ሆኖ አየኝና «እማማ፣ አንድ ደረጃ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም!» አለኝ። ሳቅሁ። «እርጅና ነው፣ ልጄ» አልኩት። በልቤም ያመንኩት ይህንኑ ነበር። ኬጂ የሚያደርሰው ሰው ተቀጠረለት።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ልጄ ፊዚዮቴራፒ ካልሄድሽ ብላ ያዘችኝ። እኔ ፊዚዮቴራፒ ሲባል ስትሮክ ለመታው ሰው ወይም ለኳስ ተጫዋች ብቻ ይመስለኝ ነበር። የተቀበለችኝ ከተማሪዎቼ የመጨረሻዎቹን የምታክል ልጅ ናት። ጫማና ካልሲዬን አስወልቃ ወደ ግድግዳው አስጠጋችኝ። «እናቴ፣ ተረከዝዎን ከመሬት ሳያነሡ ጉልበትዎን ግድግዳው ላይ ያስነኩ» አለችኝ። ከዚያ ጣቴን ከግድግዳው ትንሽ ትንሽ እያራቀች፣ ጉልበቴ መድረስ እስኪያቅተው ድረስ፣ በተማሪ ማስመሪያ ለካችው። ግራው 9 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ቀኙ 2።

«እርጅና ቢሆን ሁለቱም እግርዎ እኩል ዕድሜው ነው» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ከዚያ የፕላስቲክ አጥንት አውጥታ አሳየችኝ። ዋናው የቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ ሦስት አጥንቶች የሚገናኙበት ነው፦ የቅልጥሙ ወፍራም አጥንት፣ በውጭ በኩል ከጎኑ የሚወርደው ቀጭን አጥንት፣ ከሥራቸው ደግሞ ታለስ የሚባለው። ከግራና ከቀኝ በእጃችን የምንነካቸው ሁለቱ ጉብታዎች የሁለቱ የላይኞቹ አጥንቶች ጫፎች ናቸው፤ ታለስን እንደ ጉጠት መሀላቸው ይዘውታል። በውጭ በኩል አጥንቶቹን የሚያስሩ ሦስት ጅማቶች አሉ። እግር እንደኔ ወደ ውስጥ ሲጠመዘዝ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው የፊተኛው ነው። ጅማት ሲቀደድ ትንንሽ የደም ሥሮች አብረው ይቀደዳሉ፤ እብጠቱና ጥቁረቱ ከዚያ ነው። የፈሰሰው ገና ሳይቆም በአውራ ጣት ሲታሽ ይብሳል። አጥንቱ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ደግሞ እሽቱ ከቦታው ሊያንሸራትተው ይችል ነበር።

አጥንቶቹ የሚፋተጉበትን ቦታ የሸፈነው ልሙጥ ነገር፣ ካርቲሌጅ የሚባለው፣ የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹን እንደ ፓምፕ የሚያዘዋውረውም እንቅስቃሴያችን ነው። ጠዋት ደርቆ ከተራመዱ በኋላ መላላቱ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ላይ አልጋ ላይ ስንተኛ እግራችን በብርድ ልብሱ ክብደት ጣቱን ወደ ታች ቀስሮ ይቀመጣል። ሳምንታት እንዲህ ሲቆይ ከባት ወርዶ ተረከዝ ላይ የሚያርፈው ወፍራም ጅማትና ባቱ ራሱ አጭሩን ርዝመት ይለምዳሉ። 34 ዓመት ባለተረከዝ ጫማ አድርጌ ጥቁር ሰሌዳ ፊት መቆሜም እንዳላገዘኝ ነገረችኝ። ይህን እንኳ ለልጄ አልነገርኳትም፤ እሷም ያንኑ ነው የምታደርገው።

የደረጃው ነገር ሲገባኝ ደግሞ እንደ ተማሪ ደስ አለኝ። ስንወርድ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ወደ ታች የሚዘረጋው እግር አይደለም፤ ላይ የቀረው ነው። ታችኛው እግር መሬት እስኪደርስ የላይኛው ጉልበት ከጣቶቹ በላይ ወደ ፊት መሄድ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ መታጠፍ ይኖርበታል። የኔ 2 ሴንቲ ሜትር ለዚያ አትበቃም። እናም ያለ ዕውቀት እንደ ሸርጣን ወደ ጎን መውረድ ጀምሬ ነበር።

«ጅማቱ እየዳነ ነው» አለችኝ በመጨረሻ። «አሁን ያሰረዎት ጉዳቱ ሳይሆን አልጋውና ፍርሃቱ ነው።»

ይህን ስትለኝ እንባዬ መጣ። ያመመኝ መስሏት እግሬን ለቀቀችው። እኔ ግን ያሰብኩት እናቴን ነበር።

በ2001 ዓ.ም. እናቴ የ71 ዓመት ሴት ነበረች። በየማለዳው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ደርሳ የምትመለስ ጠንካራ ሴት። አንድ ጠዋት የድንጋዩ ደረጃ ላይ አዳለጣትና እግሯ ወለም አላት። አልተሰበረችም። እኛ ልጆቿ ተሰብስበን መጣን፤ ከሁሉ በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት እኔ ነኝ። «እማዬ፣ አርፈሽ ተቀመጪ። ምን ጎደለሽ?» አልኳት። ሠራተኛ ቀጠርንላት፤ ወንበሯን መስኮቱ አጠገብ አደረግንላት፤ ልትነሣ ስትል ሦስት ሰው ይነሣባታል። ከ2 ወር በኋላ ቤት ውስጥ ግድግዳ እየያዘች መሄድ ጀመረች፤ ከዚያ አላለፈችም። «እግሬ እንቢ አለኝ» ትል ነበር። እኛም «እርጅና ነው» እንላለን። ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ኖረች። ለበዓል በመኪና ስንወስዳት ካልሆነ በቀር ያን መንገድ በእግሯ አልረገጠችውም።

እንቅስቃሴ ብታደርግ ኖሮ በእርግጥ ትሄድ ነበር አልልም፤ ሌላም ሕመም ነበረባት። ግን ማንም ሰው «ትንሽ ትንሽ አንቀሳቅሺው» ብሏት አያውቅም። ያቺ ወጣት ደግሞ የነገረችኝ ሌላ ነገር አለ፤ ጉልበትና ዳሌ በዕድሜ ብዛት ሲያልቁ ይታያል፣ የቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ ግን ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው የድሮ ስብራት ወይም በደንብ ያልዳነ ወለምታ አለ። እንግዲህ ዕድሜ ላይ ያላከክነው ነገር ስንት ይሆን?

የታዘዘልኝ እንቅስቃሴ ሲያዩት ያስቃል። መጀመሪያ መሬት ላይ እግሬን ዘርግቼ፣ ፎጣ ከጣቶቼ ሥር አዙሬ፣ ሁለቱን ጫፍ ወደ ራሴ መሳብና 30 ሰከንድ ያህል ይዞ መቆየት፤ ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ ያው የግድግዳው ነገር፦ ተረከዝ መሬት ላይ፣ ጉልበት ወደ ግድግዳ፣ 10 ወይም 15 ጊዜ። ባቱ ሲወጠር ይሰማል፤ መወጠር ሌላ፣ መውጋት ሌላ። ከሳምንት በኋላ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዤ በሁለት እግር ጣት መቆምና ቀስ ብሎ መውረድ ተጨመረ። ቀስ የሚለው ቃል ዋናው ነው፤ ጡንቻውን የሚሠራው መውረዱ ነውና። በኋላ ደግሞ ባንድ እግር መቆም። ይህኛው ለመገጣጠሚያው ብቻ አይደለም። ጅማት ሲጎዳ እግራችን የት እንዳለ ለአንጎል የሚናገሩት ነርቮችም አብረው ይጎዳሉ፤ አንድ ጊዜ ወለም ያለው ሰው ደጋግሞ ወለም የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እኔ ይህን የማደርገው ቡናው እስኪፈላ ነው፤ አንድ እጄ ሁልጊዜ ከጠርዙ አይርቅም። በዚህ ዕድሜ እግር ለማዳን ብሎ ዳሌ መስበር አይገባም።

የወደድኩት ግን የፊደሉን ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርን አንሥተው በአውራ ጣት አየር ላይ ፊደል መጻፍ። ቁርጭምጭሚቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንዲዞር ያደርጋል። የልጅ ልጄ ያኔ ፊደል እየቆጠረ ነበር። ማታ ማታ ፊቴ መሬት ላይ ይቀመጥና እኔ በእግሬ ስጽፍ እሱ ይገምታል። «ለ!» ይላል። «በ ነው፤ እግሩን አላየህም?» እለዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የጻፍኩትን ማንም ሊያነበው አይችልም ነበር። እንዲህ ያለ መጥፎ የእጅ ጽሑፍ፣ የእግር ማለቴ ነው፣ ያለው ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም። በኋላ ግን «ጨ» እና «ጠ»ን ሳይቀር ይለይልኝ ጀመር።

ሕመምን በተመለከተ የተሰጠኝ መመሪያ ቀላል ነው። በሥራው ጊዜ ትንሽ መታመም ችግር የለውም፤ በማግሥቱ ጠዋት ከቀደመው ካልባሰና ካላበጠ ልክ ነው። ካበጠ አብዝተዋል፤ ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ቤት ውስጥ የማደርጋትን ነጠላ ጫማ አስጣለችኝ፤ ተረከዝን አይዝም። አሁን በክር የሚታሰር ስኒከር አደርጋለሁ። በሐበሻ ቀሚስ ሥር ስኒከር የምታደርግ አሮጊት ካያችሁ እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ስል ግን የሁሉም ሰው ቁርጭምጭሚት የኔ ነው ማለቴ አይደለም። ወለም ካለ በኋላ አራት እርምጃ እንኳ መሄድ ያልቻለ፣ ወይም የሁለቱ ጉብታዎች አጥንት ጫፉና የኋላ ጠርዙ ሲጫኑት የሚያመው ሰው ኤክስሬይ ሳይነሣ ማንም አይንካው። ይህ መለኪያ በካናዳ ኦታዋ ያሉ ሐኪሞች በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሲሆን በብዙ አገር ይሠራበታል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሙቅ ነገርና እሽት እብጠቱን ያባብሳሉ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለ15 ወይም 20 ደቂቃ፣ እግርን ከፍ ማድረግና ባንዴጅ ይሻላሉ። ሙቅ ውሃ ቦታው በኋላ ነው፤ ድርቀቱን ለማላላት፣ ከእንቅስቃሴው በፊት። ስኳር ያለበት ሰው ግን እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል ሙቀቱን በእግሩ አይለካ፤ በክርኑ ይለካ ወይም ሌላ ሰው ይለካለት። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሳያመው ቢያብጥ፣ ቢቀላና ቢሞቅ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም።

እግሩ ሳይጠመዘዝ የሚያብጥም አለ። ጎረቤቴ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቷ ማታ ማታ ሲያብጥባት እኔን አይታ ፎጣ መሳብ ጀምራ ነበር። ሐኪም ስታማክር የምትወስደው አምሎዲፒን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት እንደሆነ ታወቀና ተቀየረላት። በራሷ ብታቋርጠው ኖሮ አደጋ ነበር። የሁለቱም እግር እብጠት ከልብ ወይም ከኩላሊትም ሊመጣ ይችላል። ባንድ ወገን ብቻ ባት ካበጠና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ሌሊት በድንገት ተነሥቶ አንሶላ እንኳ ሲነካው የማይቻል ሕመም ሪህ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ካለና መገጣጠሚያው ከተቃጠለ ያው በዚያኑ ቀን ሐኪም ነው። ጠዋት ድርቀቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት የማይለቅና ሌሎች መገጣጠሚያዎችንም የሚነካ ከሆነም መመርመር ያስፈልጋል።

ወጌሻውን አልተጣላኋቸውም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እንዴት ነው እግርሽ?» ይሉኛል፤ «ደህና ነው፣ አባባ» እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ግን ደፍሬ «ኤክስሬይ ያልተነሣ ሰው ሲመጣብዎ መጀመሪያ ይላኩት» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «እኔስ የምልከው ነበር፤ እናንተ ናችሁ የምትቸኩሉ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ተሸክመው የወሰዱኝ እነማን ሆኑና?

ሐኪም ዘንድ የተመላለስኩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀሪው ሥራ እዚሁ ቤት ነው። ጥር ላይ ቀኙ 5 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በየካቲት የቀጠርነውን ሰው በምስጋና አሰናብተን ልጁን እኔው ማድረስ ጀመርኩ። አሁን 7 ነው፤ ግራውን አልደረሰበትም፤ ምናልባትም አይደርስበትም። ብርድ ሲሆን ይሰማኛል። ሁለት ቀን እንቅስቃሴውን ከተውኩ ጠዋት ያስታውሰኛል። ደረጃውን ግን ፊት ለፊት እወርዳለሁ፤ አንድ እጄ ብረቱ ላይ፣ አንድ እጄ በልጁ እጅ፣ እያንዳንዷ ደረጃ አንድ ጊዜ ትቆጠራለች።

ባለፈው ሳምንት ታላቅ እህቴ ከደብረ ብርሃን ደወለችልኝ። ግቢዋ ውስጥ እግሯ ወለም ካላት 10 ቀን ሆኗታል። ተራምዳበታለች፣ ኤክስሬይም ተነሥታለች፣ ስብራት የለም። «ልጆቹ አትነሺ ብለው አስረውኛል» አለችኝ። ስልኩን ለትልቁ ልጅ ስጪልኝ አልኳት። እናቱን እንዴት እንደሚወዳት አውቃለሁ፤ እኔም እናቴን እንዲያ ነበር የምወዳት። እናቴን እንዴት እንዳስቀመጥኳት ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ነገ ፊዚዮቴራፒ እንዲወስዳት፣ እስከዚያው ተቀምጣ እግሯን እንድታንቀሳቅስ እንዲፈቅድላት ለመንኩት።

ከዚያ እሷን መልሼ ያዝኳት። «እትዬ፣ ወንበር ላይ ተቀመጪና በእግርሽ አውራ ጣት ፊደል ጻፊ» አልኳት።

«ምን? አበድሽ እንዴ? ከየት ልጀምር?»

«ከሀ።»

ትናንት ደወለች። ሸ ላይ ስትደርስ ደክሟት አረፈች፤ ዛሬ ከቀ ትቀጥላለች።